ቲጃኒ እሺ እስኪል

በሠላሳ አንድ ዓመቴ ሽማግሌ ሆንኩ። ፀጉሬ ሸብቶ አይደለም፤ ሊሙ ገነት ውስጥ አስተማሪ ስለነበርኩ ነው። በዚያን ጊዜ የሊሙ ሰው ልጁን ሲድር ከሽማግሌዎቹ መካከል አንድ ሐጂ፣ አንድ የመንግሥት ሰውና አንድ መምህር ከሌለ ሽምግልናው ጨው የጎደለው ወጥ ይመስለዋል። ደግሞ ደህና ኮት ነበረችኝ። አንዳንዴ ሲጠሩኝ እኔን ነው የጠሩት ወይስ ኮቷን ብዬ እጠራጠር ነበር።

በዚያች ኮት ብዙ ቤት ገብቻለሁ። ብቻዬን ስቀመጥ እስከ ዛሬ የሚያስቀኝ ግን የቲጃኒ አባቦር ቤት ነው። በፊቱ «ጋሽ ቲጃኒ» እያልኩ አንቱ እለው ነበር። አሁን እኔም ያኔ የነበረበትን ዕድሜ አልፌዋለሁና በጽሑፍ አንተ ብለው አይቆጣኝም። ቢቆጣም ለምዶብኛል።

ቲጃኒ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመድ አንገቱ ከእግሩ የሚቀድም ሰው ነበር። ሥራው ቡና ማሻገር ነው። መንግሥት «ያለ ፈቃድ አንድ ኪሎ ቡና ከጅማ አይወጣም» ባለ ቁጥር እሱ ይነሳና ያወጣል። ሌባ ሲሉት ይከፋዋል። «የሰው ቡና ነክቼ አላውቅም፤ የራሴን ቡና ነው አገር ያሳየሁት» ይላል። እውነቱን ለመናገር የራሱም፣ የጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ቡና ነበር።

የእሱ ፈተና ወልደሰማያት የሚባል ፖሊስ ነው። ከመንዝ የመጣ፣ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ውሸት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም፤ አስቸጋሪ ሰው ነበር። ሚስቱ ጥሩወርቅ አዲስ ቀሚስ ለብሳ «እንዴት ነው?» ብትለው «ያወፍርሻል» ይላታል። ኬላ ላይ ሃያ ዓመት ቆሞ ከሰው እጅ አንድ ሲኒ ቡና ተቀብሎ አልጠጣም። ሾፌሮች ሰኮሩ ኬላ ሊደርሱ ሲሉ እሱ ተረኛ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቁት በጸሎት መልክ ነበር።

ቲጃኒን መጀመሪያ የያዘው በ1963 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ያን ጊዜ አስር አለቃ ነበር። ቲጃኒ ስድስት ጆንያ፣ ከላይ ከሰል ከሥር ቡና፣ መኪና ላይ ጭኖ ከሰል ነጋዴ ሆኖ ቀረበ። ወልደሰማያት ጆንያዎቹን አልነካም። «እስቲ እጅህን» አለው። ዕለቱ ጁምዓ ነበርና ቲጃኒ ለሶላት ጥርት አድርጎ የታጠበውን እጁን ዘረጋ። «ከሰል ነጋዴ ሆነህ ጥፍርህ እንዴት እንዲህ ነጣ?» አለውና ስድስት ወር አስፈረደበት።

ሁለተኛው በ1969 ነው። ቲጃኒ ፍራሽ ውስጥ ቡና ጠቅጥቆ፣ አንዲት ባልቴት አስተኝቶበት፣ «እናቴን አዲስ አበባ ላሳክም ነው» አለ። ባልቴቷ ጥሩ አድርገው አቃሰቱ። ወልደሰማያት ከልቡ አዘነላቸው። ራሳቸውን ቀና ሊያደርግላቸው ፍራሹን ቢደገፈው ፍራሹ ተንኮሻኮሸ። ባልቴቷን እስር አላገኛቸውም፤ ቲጃኒ ግን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ተቀመጠ።

ሦስተኛው ላይ የታሰረው በራሱ አፍ ነው። በ1973 ቡናውን በጭነት መኪና ስኮርታ ጎማ ውስጥ ሞልቶ በወልደሰማያት አፍንጫ ሥር አለፈ። ሌላ ሰው ቢሆን አልሐምዱሊላህ ብሎ ዝም ይላል። ቲጃኒ ግን ወልቂጤ ሲደርስ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት፣ ወደ ጅማ በሚመለስ መኪና «ለአስር አለቃ ሰላም በሉልኝ፤ ቡናው ስኮርታ ጎማው ውስጥ ነበር» ብሎ ላከ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ወልደሰማያት፣ ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ ሆኗል፣ ሰላም እንኳ ሳይለው በቀጥታ ወደ ጎማው ሄደ። ይኸው ነው የቲጃኒ ጥፋት፤ ቡና መደበቅ ይችልበታል፣ ጉራውን መደበቅ አይችልም። አራት ዓመት ተፈረደበት።

በኅዳር 1976 ሊሙ አካባቢ የሚገኝ የመንግሥት እርሻ ቡናው ደርሶ ለቃሚ አነሰው። እስረኞች ከጅማ በመኪና መጥተው እንዲለቅሙ ተደረገ። ቲጃኒም ከእነሱ አንዱ ነበር። ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ዕድሜው ስድሳ ሁለት ነው። ለሦስት ቀን እንደ ሰው ለቀመ። በአራተኛው ቀን ቅርጫቱን ሞላ፣ ሚዛን ላይ አስመዘነ፣ ባዶ ቅርጫቱን ለሚዛን ተቆጣጣሪው መለሰና ጫካ ገባ። ኋላ ሳጫውተው «ሳይለቅሙ መጥፋት አይሻልም ነበር?» አልኩት። «የደረሰ ቡና ዛፍ ላይ ትቼ ልሂድ? ምን ዓይነት ሰው አደረግኸኝ?» ብሎ ተቆጣኝ።

የሄደው ሩቅ አይደለም። ከሊሙ ገነት በእግር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ዘይቡ የምትባል እህቱ ትኖራለች። በእናት እንጂ በአባት ስለማይገናኙ ዝምድናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። ቲጃኒ ሚስቱ ስትሞት ጨቅላ ልጁን ፈድሊያን የሰጣት ለእሷ ነው። ልጅቷም ከዚያ ጀምሮ «የዘይቡ ልጅ» እየተባለች አደገች። አሁን ሃያ ዓመቷ ነው፤ ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። አባትዬው የእህቱ ጓዳ ገብቶ ቀን ቀን የደረቀ ቡና እየለቀመ ተቀመጠ።

ወልደሰማያት ደግሞ ከኬላው ወደ ሊሙ ገነት ጣቢያ ከተዛወረ ሁለት ዓመቱ ነበር። «ቲጃኒ ጠፍቷል» የሚለው ወረቀት ሲደርሰው እንደ ልደት ካርድ ኪሱ ከተተው። ሰኔ ሠላሳ ጡረታ ይወጣል። ያ ሰው ጫካ ውስጥ እያለ ጡረታ መውጣት ሞት መሰለው። የዓመት ዕረፍቱን ወስዶ ሰኮሩንም፣ አጋሮንም፣ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ያሉትን ቡና ነጋዴዎች በር ሁሉ አሰሰ። እኛ ሊሙ ገነት ላይ «ሃምሳ አለቃ ከሳ» እንል ነበር።

እንግዲህ ሽምግልናው በዚህ መሃል መጣ። ለጢፋ የምትባል የወልደሰማያት ግድግዳ ተጋሪ ጎረቤት አለች። ጥሩወርቅ ታማ ሦስት ወር ስትተኛ ያስታመመቻት እሷ ናት። ልጇ ሙሐመድሳኒ የመንግሥት እርሻው ትራክተር ጠጋኝ ነው፤ ፈድሊያን ወደደ፣ ወደደችውም። ለጢፋ ሽማግሌ ስትመርጥ በመጀመሪያ የመስጊዱን ሐጂ ሙሐዲንን፣ ቀጥላ እኔን፣ ቀጥላ ወልደሰማያትን አለች። ክርስቲያን መሆኑ ማንንም አላሳሰበም፤ ጎረቤት ጎረቤት ነው። «የማንን ልጅ ነው የምንጠይቀው?» ቢል «የዘይቡን» አሉት። እሺ አለ።

መጋቢት ውስጥ፣ እሑድ ጠዋት፣ ለዱዓ የምትሆን አንድ እስር ጫት ይዘን ሄድን። ዘይቡ በክብር ተቀበለችን። ሐጂ ሙሐዲን ዱዓ አደረገ፤ ሁላችንም አሚን አልን፤ ወልደሰማያት ከሁላችን ድምፁን ከፍ አድርጎ አለ። ከዚያ ሐጂ ነገሩን አወጣ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው አለ።

ዘይቡ ነጠላዋን እያጠላለፈች፣ «እኔ ሴት ነኝ፤ አባቷ ነው መልስ የሚሰጠው» አለች።

«አባቷ የት ነው?»

«ሩቅ መንገድ ሄዷል።»

«አጎትስ?»

«አጎት የላትም።»

ሐጂ ሙሐዲን ጢሙን ዳሰሰ። «እንግዲያው ችግር የለውም። በአባቷ ቦታ ወሊይ ሆኖ የሚድራት ቃዲው ነው» አለ።

ከጓዳ አንድ ነገር ተንኳኳ። መጋረጃው ተገለጠና ቲጃኒ ወጣ። ፀጉሩ ላይ የቡና ገለባ፣ እጁ ላይ ሰፌድ። «ቃዲው ምን ቆርጦት ነው ልጄን የሚድራት? አባቷ በሕይወት አለሁ!» አለ።

ይህን ብሎ ዞር ሲል ከወልደሰማያት ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ለጥቂት ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ከሰፌዱ ላይ እየወረደ መሬት የሚመታው ቡና ብቻ ነበር። ወልደሰማያት ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ፣ ከዚያ ተነሳ። ሐጂ ሙሐዲን የኮቱን ጫፍ ያዘ።

«ታኢ፣ ማሎ! ተቀመጥ!» አለው።

«ሐጂ፣ ይህ ሰው እኮ—»

«ይህ ሰው የልጅቷ አባት ነው። አንተ ደግሞ ሽማግሌ ነህ። አሚን ብለሃል።»

ቲጃኒ የሚገርም ጭንቅላት አለው። እኔ ገና ምን እንደተፈጠረ ሳስብ እሱ ሁሉንም ጨርሶ አስቦት ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠ፣ ገለባውን ከፀጉሩ አራገፈና ፊት ለፊታችን ተዝናንቶ ተቀመጠ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። በተለይ ሃምሳ አለቃ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ደክሞህ ይሆናል» አለ። ቀጠለና፣ «ነገሩ ከባድ ነው። ዘመድ ማማከር አለብኝ። ከሃያ ቀን በኋላ ተመለሱ» አለን።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ወልደሰማያት በአፍንጫው ይተነፍስ ነበር። ቡና ጥላ ሥር ስንደርስ ቆመ። «ነገ ጠዋት ሦስት ፖሊስ ይዤ እመለሳለሁ» አለ።

ሐጂ ሙሐዲን እንደ ልጅ አየው። «ሰላም ብለህ በገባህበት በር ነገ ካቴና ይዘህ ትገባለህ? እንደዚያ ካደረግህ በዚህ አገር ለሽማግሌ በሩን የሚከፍት አባት አይኖርም። ለጢፋስ? ልጇ ሽማግሌ ልኮ አማቱን አሳሰረ ሊባል ነው?»

«እንግዲያው ከሽምግልናው ልውጣ።»

«ወላሂ አትወጣም። የተጀመረ ሽምግልና መልስ እስኪያገኝ መሃል ላይ ነው። አባትዬው እሺ ወይም እንቢ ይበል፤ ከዚያ በኋላ የራስህ ጉዳይ ነው።»

ወልደሰማያት ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ሕጉ ምን ይላል?» እኔ ስለ ሕግ የማውቀው ስለ ቡና ከማውቀው ያነሰ ነው። ሆኖም ኮት ለብሼ ነበርና «ሐጂ ልክ ናቸው» አልኩ። ሃምሳ አለቃ ድንጋይ በእግሩ መታና ሄደ። ለጢፋን ማሳፈር አልሆነለትም።

ቲጃኒ እሺ እስካላለ ድረስ ነፃ ሰው ሆነ ማለት ነው። ይህን ሲረዳ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ወጣ! ከጓዳ ከወጣ ገና ሳምንት አልሞላው፤ ጥምጣሙን አሳምሮ፣ በዱላው ሽንኩርት እየነካካ ዋጋ ይጠይቃል። ሌሎቹ ፖሊሶች አዲስ ልጆች ስለሆኑ መልኩን አያውቁትም። የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አሚን ብሏል። ቲጃኒ ሆነ ብሎ በጣቢያው በር አለፈና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሃምሳ አለቃ! አካም ጂርታ? ጤና ነው?» አለው። ወልደሰማያት የያዘው እርሳስ ሁለት ሆነ። እርሳሱ ሲሰበር አጠገቡ ስለነበርኩ አይቻለሁ።

በሚያዝያ ሁለተኛ ጊዜ ሄድን። ቲጃኒ ጠላቱን ሲያይ እንደ ሙሽራ ፈክቶ ተቀበለን። ምሳ ሳይበሉ መሄድ የለም አለ፤ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ ቀረበ። ከዚያ «የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ» አለ። ሐጂ ሙሐዲን ቆጠረ። ቲጃኒ በእያንዳንዱ አያት ላይ ጥያቄ አለው፤ ይኸኛው የት ኖረ፣ ያኛው ከማን ጋር ተጣላ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። አራተኛው አያት ላይ ወልደሰማያት ሊያንቀላፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

«ሃምሳ አለቃ ቸኩለሃል?» አለው ቲጃኒ።

«ሰኔ ሠላሳ ጡረታ ነው የምወጣው።»

«አሃ! ሰኔ ሠላሳ» አለ ቲጃኒ፤ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። «ስድስተኛው አያት ነገር ትንሽ አላማረኝም። ላጣራ። በግንቦት ተመለሱ» አለን። በዚያን ቀን ሁላችንም ምን እንዳሰበ ገባን። እስከ ሰኔ ማገባደጃ ሊያመላልሰን ነው። ከዚያ በኋላ ወልደሰማያት ሲቪል ነው፤ መልኩን የሚያውቅ ፖሊስ አይኖርም። ስናወራው ሐጂ ሙሐዲን እስኪያለቅስ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ወልደሰማያት አልሳቀም።

ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም። በግንቦት መጀመሪያ ለሙሐመድሳኒ ደብዳቤ ደረሰው። እጅግ ሩቅ ወደሆነው በበቃ ቡና ልማት ተዛውሯል፤ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሄዶ ሥራ መጀመር አለበት። ረመዳን የሚገባው በግንቦት መጨረሻ ነው። በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። ከዚያ በኋላ ፈቃድ መቼ እንደሚያገኝ እግዜር ይወቅ፤ አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል።

ፈድሊያ ይህን ሰምታ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። አላለቀሰችም። «መምህር፣ ደብዳቤውን ለአባቴ እንዳትነግሩት» አለችኝ። «ከተወለድኩ ጀምሮ ስድስት ወር በተከታታይ ከአባቴ ጋር ኖሬ አላውቅም። አሁን ማታ ማታ አንድ ላይ እንበላለን። የእግሬን ኮቴ ከሌላው ሰው ይለየዋል። እኔ ላገባ ብዬ እሱ ይታሰር? ሙሐመድሳኒ ይሂድ፤ እጠብቀዋለሁ።» ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩና ነገርኳቸው። ሐጂ እንደፈለገች ይሁን አለ። ወልደሰማያት፣ «እኔም አልናገርም። እኔ ብናገር ለካቴናው ብዬ ይመስላል» አለ።

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ሦስተኛ ጊዜ ሄድን። ቲጃኒ እንደ ወትሮው አልፈካም። ከዱዓው በኋላ ስለ ስድስተኛው አያት ሐጂ ሊያብራራለት ሲጀምር በእጁ አስቆመው።

«ተዉት አያቱን። ልጄ አንድ ነገር ሆናለች» አለ። «ትናንት ቡና ስትለቅም አየኋት፤ የተበላሸውን ከደህናው ጋር ትደባልቃለች። ስጠይቃት ትስቅልኛለች። እህቴን ብጠይቅ ትሸሸኛለች። እናንተም ዛሬ ዓይናችሁን መሬት ላይ ነው የምታስቀምጡት።» ዞሮ ወልደሰማያትን በዓይኑ ያዘው። «አንተ ዋሽተህ አታውቅም። ልጄ ምን ሆነች?»

ወልደሰማያት ባርኔጣውን አወለቀ። «ማንን ነው የምትጠይቀው? ሽማግሌውን ነው ፖሊሱን?»

«ጠላቴን ነው የምጠይቀው። ከተዋወቅን አሥራ ሦስት ዓመታችን ነው፤ ንገረኝ።»

ሃምሳ አለቃ ነገረው። ደብዳቤውን፣ በበቃን፣ ረመዳንን፣ ልጅቷ አትንገሩት ማለቷን፣ ሁሉንም። ሲጨርስ እንዲህ አለ፤ «እኔ ጡረታ ልወጣ የቀረኝ ሰባት ሳምንት ነው። እስከዚያ እንቢም እሺም ሳትል ብትቆይ፣ ክርስቶስን ምስክር አድርጌ ነው የምነግርህ፣ አልፈርድብህም። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ሳልቆይ አልቀርም።»

ቲጃኒ ቀና አላለም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትልልቅ ጣቶቹን ያያቸው ጀመር። ከጓዳ የፈድሊያ ትንፋሽ ይሰማል፤ ከመጋረጃው ኋላ እንደቆመች ሁላችንም አውቀናል። እኔ በልቤ መልስ አትስጥ፣ ቆይ፣ ማን ያይሃል እል ነበር። እሺ እንዳይል ፈለግሁ፤ ዛሬም አልዋሽም።

«ጁምዓ ኒካሕ ይታሰር» አለ። «ፈቅጃለሁ። ስድስተኛው አያቱም ደህና ሰው ነበር።»

መጋረጃው ኋላ ፈድሊያ ጮክ ብላ «አባቴ፣ አይሆንም!» አለች። «ዝም በይ!» አላት፤ ዕድሜ ልኩን ተቆጥቷት የማያውቅ ሰው፣ ቁጣው አላማረበትም። «ስትወለጂ አልነበርኩም። ስታድጊ አልነበርኩም። ስትዳሪ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ፤ አበቃ።» ሐጂ ሙሐዲን ዱዓ ሊያደርግ አፉን ከፍቶ ድምፅ አልወጣ አለው። አሚን ብሎ የጀመረልን ወልደሰማያት ነው።

ጁምዓ ዕለት ኒካሑ ታሰረ። ቲጃኒ የሙሐመድሳኒን እጅ ይዞ «ልጄን ድሬልሃለሁ» ሲል ወልደሰማያት ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ቆሞ ያያል። ለጢፋ አረደች፣ ሕዝቡ በላ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ቲጃኒ ከልጁ አጠገብ አልተነሳም። ሃምሳ አለቃ ወደ እሱ ሄዶ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለው፤ ቲጃኒ ራሱን ነቀነቀ። ኋላ ስጠይቀው «ነገ ከቁርስ በኋላ ይበቃል ነው ያለኝ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቲጃኒ ራሱ ጣቢያው ድረስ መጣ። እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ወልደሰማያት ሪፖርት ሲጽፍ ጽሕፈቱ ያምርለት ዘንድ ሁልጊዜ እኔን ነው የሚያስቸግረው። ወረቀቱን ዘርግቼ፣ ብዕሩን አራግፌ ተቀመጥኩ። ጠቡ የተነሳው ያኔ ነው።

«እጁን ሰጠ ብለህ ጻፍ» አለኝ ወልደሰማያት።

«ማን ነው እጁን የሰጠ?» አለ ቲጃኒ፤ ከወንበሩ ተነሳ። «እኔ በዕድሜዬ እጄን ሰጥቼ አላውቅም! ያዘኝ ብለህ ጻፍ!»

«አንተ ሰው፣ እጁን ሰጠ ከተባለ የማምለጡ ቅጣት ይቀልልሃል። ተያዘ ከተባለ ሌላ ዓመት ይጨምሩብሃል።»

«ይጨምሩ! አንተ ስድስት ወር እንቅልፍ አጥተህ ስታሳድደኝ ከርመህ፣ በመጨረሻው ወርህ ባዶ እጅህን ጡረታ ልትወጣ ነው? ሰው ምን ይለኛል? መምህር፣ ሃምሳ አለቃ ወልደሰማያት ያዘኝ ብለህ ጻፍ።»

«እኔ ያልያዝኩትን ያዝኩ ብዬ አልፈርምም!»

«እኔም ያልሰጠሁትን ሰጠሁ ብዬ ጣቴን አላሳርፍም!»

እንዲህ ሲጯጯሁ አዲሶቹ ፖሊሶች በር ላይ ተሰብስበው ያያሉ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ለሌላው ሊሰጥ የሚፈልገውን ነገር በቁጣ እየተወራወሩ ነው። እኔ ብዕሬን ይዤ መሃል ላይ ነበርኩ። በመጨረሻ ጽፌ ጨረስኩ። ወልደሰማያት አነበበና ፈረመ። ቲጃኒ ቁርአን እንደ ውሃ የሚያነብ ሰው ነው፤ የአማርኛ ፊደል ግን አያውቅም፣ ከመሠረተ ትምህርትም አምልጧል። «ሳላውቅ አልፈርምም። አንብብልኝ» አለኝ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው፦ «እስረኛ ቲጃኒ አባቦር ግንቦት 18 ቀን 1976 ዓ.ም. ጠዋት በገዛ ፈቃዱ ወደ ጣቢያው መጥቶ እጁን ሰጥቷል።»

እኔ፣ ተማሪ ሲዋሽ አንበርክኬ የምቀጣው መምህር፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁና እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦ «እስረኛ ቲጃኒ አባቦር፣ ሃምሳ አለቃ ወልደሰማያት ባደረጉት የማያቋርጥ ክትትል ተይዟል።»

ቲጃኒ ጆሮውን አዘነበለ። «ሸሽቶ ነበር የሚል የለውም?»

«አለው፤ ከታች ነው።»

«በሩጫ?»

«በሩጫ።»

«ጋሪ ነው። መልካም ነው» አለና አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ወልደሰማያትን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር፤ ምንም አላለም። ይህ ሰው ውሸት ሲሰማ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድም ቀን አልተጨመረበትም። ቀሪውን ጨርሶ፣ በ1978 መጨረሻ ላይ ተፈታ። ፈድሊያ ከበበቃ ልጇን አዝላ መጣች፤ ዘይቡ ግቢ ውስጥ ተሰብስበን በላን። ቲጃኒ የልጅ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ለተሰበሰበው ሰው አራት ጣቱን ዘረጋ። «ይህ ሰው አራት ጊዜ ይዞኛል። በዚህ ምድር ላይ እኔን የሚይዝ ሌላ ፖሊስ አልተወለደም» አለ።

ከጎረቤት አንዱ ወደ ወልደሰማያት ዞሮ «እውነት ነው?» አለው። ወልደሰማያት የጡረተኛ ሸሚዙን ሰብስቦ፣ የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ፣ አንድ አፍታ አሰበ።

«እውነት ነው» አለ። «አራተኛው ላይማ ሩጫው ሊገድለኝ ነበር።»